ካቻቢቴ

ፖፕራድ፣ መጋቢት ነው፤ ታትራ ጭጋጉን ተከናንቦ፣
ሞረዴ ይጮኻል እዚህ፣ በብልጭታ ተከብቦ፤
ሃያ ሁለት ጥንድ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተሰድሮ፣
ከራሴ በላይ ባለው ፎቅ ቦርዱ በሩን ቀርቅሮ፣
«ይጽና? ወይስ ይሂድ?» ይላል፣ ከጠዋት ጀምሮ።

ስለ ኢምሪህ ነው ነገሩ፤
ከተማዋም ከሆኪ ሌላ ወሬ የላት።
በኅዳር፣ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተረትተን፣
ዋናው አሠልጣኝ ሲባረር፣ የምንይዘው ሰው አጥተን፣
«ለጊዜው ያዝልን» ቢሉት እሺ ብሎ ተቀበለ፤
የሰው ፊሽካ፣ የሰው ቢሮ፤
በበሩ የናስ ሰሌዳ ላይ የሰው ስም እንዳለ፣
የርሱን በወረቀት ጽፈው በፕላስተር ለጠፉበት፤
እስከ ዛሬ፣ በሩ ሲከፈት፣ ነፋስ ሲገባበት፣
የወረቀቱ አንድ ጥግ ብድግ ይላል፣
እንግድነት እንደበዛበት ሰው፣ ሊሰናበት።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣
ከሃያ አንድ ጨዋታ አሥራ አራቱን ረቷል።
ግን በዚያው በተሾመ ሳምንት፣
ብሽሽቱን የታመመው ግብ ጠባቂ፣ ቬንዴሊን፣ ድኖ መጥቷል።
ታዲያ ያሸነፈው ማነው? ሰውየው? ወይስ ብሽሽቱ?
ቲፎዞው «ኢምሪህ! ኢምሪህ!» ይላል፤ ቲፎዞ ምን አለበት፣
የተባረረውንም አምና በዚሁ ዜማ ነው የጠራበት።

እኔ ያየሁትን ልናገር።
የሠላሳ ስምንት ዓመቱን አምበል «ዛሬ አትሰለፍም» ያለው
እዚሁ፣ በኔ ክፍል ነው፣ ሰው እንዳይሰማበት፤
«ማሽኑን አታጥፋው» አለኝ፣ በእጁ ምልክት፣
በጩኸቱ ተከልሎ ትልቁ ሰውዬ እንዲያለቅስበት።

ትሬንቺን ላይ ደግሞ፣ ሦስት ለባዶ እየመራን፣
ፈርቶ ሁሉን ወደ ኋላ ሳበ፤ አራት ለሦስት ተረታን።
ያን ማታ በአውቶቡሱ መብራት ፊቱን አየሁት፤
የተከራይ ፊት ነው፣
ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት የሚፈራ።

ላይ ቤት የአንድ ስዊድናዊ ማስረጃ አለ አሉ፣ በባለ ቀለም የታተመ።
እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ስለት ሳይን ማን ያማክራል?
ትናንት ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ «አትስጡት» እል ነበር፤
«ሰው ቋሚ ሲባል ይዝጋል።
እነዚያን ቋሚዎች እዩ፣ የግቡን ግራና ቀኝ፤
ጥቁሯ ጎማ ብትገባ ዝም፣ ብትወጣ ዝም፣
መቆም ነው ሥራቸው።
ጊዜያዊ ግን በረዶውን ነው፤ በየእረፍቱ ውሃ ጠጥቶ
ጭረቱን ውጦ ይነሣል።»

ሌሊት ግን የራሴ ነገር መጣብኝ።
ለምህንድስና መጥቼ፣ አገሩ ለሁለት ሲከፈል፣
እኔም ከትምህርቴ ጋር ተከፍዬ፣
አሥራ አንድ ዓመት፣ በየየካቲቱ፣ ጉርድ ፎቶዬን ይዤ፣
«ጊዜያዊ» የሚል ማኅተም ለመቀበል ተሰልፌያለሁ።
ቋሚውን የሰጡኝ ዕለት
አልሰነፍኩም። አልበረታሁም።
ተኛሁ።
አሥራ አራት ሰዓት ተኛሁ።
ስነቃ፣ መዶሻ ተበድሬ ግድግዳዬ ላይ ምስማር መታሁ፤
የሚሰቀል ነገር ግን አልነበረኝም።

ይገባዋል ወይ? እንጃ።
«ይገባል» ስንል ቋሚውን ገጭቶ የሚመለስ ስንት አለ፤
«አይገባም» ያልነው ደግሞ የሰው እግር ነክቶት ይገባል።
እኔ የማውቀው፣ ኢምሪህ ከኅዳር ወዲህ እንዳልተኛ ነው፤
ጠዋት ሲገባ ዓይኑ ይናገራል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቦርዱ ጸሐፊ ዝላቲጻ፣
በተረከዟ ደረጃውን እየቆጠረች ወርዳ፣
«ካቻቢቴ አለህ?» አለችኝ።

ሰጠኋት።
የማንን ስም ልታስርበት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
የኢምሪህን ጫማ ከመደርደሪያው አነሣሁ፤
ግራውን ሳልኩ፣
ቀኙን ሳልኩ፤
ነገ ጠዋት ልምምድ አለ።